ያልነካሁት ኮምፒውተር

አብላ ያን ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቷ በፊት ኮምፒውተሩን ከፍታ አንድ ቦታ ተጫነችና ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ዓባያዋን እያስተካከለች ወደ እኔ ዞረች።

«አፕዴት እያደረገ ነው። እስኪጨርስ ማንም አይንካው፤ ከተቋረጠ ይበላሻል። አማና» አለችኝ።

አማና አደራ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አደራ ስባል ደስ ይለኛል። ሰው ሲያምነኝ ከተጠየቅኩት በላይ ካልሠራሁ አላርፍም።

አብላ የቤቱ ትልቋ ልጅ ናት። አስተማሪ ስለሆነች እቤት ውስጥም የምንጠራት ተማሪዎቿ እንደሚጠሯት ነው። እኔ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል አመራት በሚባል ቦታ፣ እነሱ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በዚያ ላይ አገር ቤት ባለ አንድ ኮሌጅ በርቀት ማኔጅመንት እማራለሁ፤ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። የራሴ ኮምፒውተር የለኝም። የመጀመሪያውን አሳይመንት በስልኬ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። በሁለት አውራ ጣት አምስት ገጽ ስታገል ያየችኝ አብላ ናት፤ «ከምሳ በኋላ ሰው ሲተኛ ሁለት ሰዓት በእኔ ኮምፒውተር ጻፊ» አለችኝ። እናቷ፣ ማማ የምንላት፣ አልወደደችውም። «አንድ ነገር ከተበላሸ ግን ኻላስ፣ ያበቃል» ብላ ነበር የተስማማችው። ስለዚህ ትምህርቴ የቆመው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በእኔ ምክንያት ከተበላሸ ሁለቱ ሰዓት የለም፤ ሁለቱ ሰዓት ከሌለ ሴሚስተሩን አልጨርስም።

በቤቱ ውስጥ ሌላም የአገሬ ሰው አለች። ወጥ ቤቱ የእሷ ነው። የወሎ ሰው ናት፤ ዓረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ታላቄ ስለሆነች እታለም እላታለሁ። እሷ ግን ከተመዘገብኩ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

«ተማሪ! ሽንኩርቱ ራሱን ይላጥ ወይስ ትመጫለሽ?»

እየሳቀች ይሁን እየተናደደች ለመለየት ይቸግረኛል። እውነቱን ለመናገር የምትናደድበት ምክንያት አላት፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ የምሳውን ዕቃ ብቻዋን ነው የምታጥበው። አንድ ቀን ድስት እየፈተገች፣ «ያ ኮምፒውተር ባይኖር እኔም ትንሽ ጀርባዬን አሳርፍ ነበር» ስትል ሰምቻታለሁ። አልረሳሁትም።

ያን ቀን ኮምፒውተሩን ልጠብቀው ቆረጥኩ። ልብስ የምተኩሰው ሁልጊዜ ኮሪደሩ ላይ ነው። አሁን ግን መተኮሻውን ጠረጴዛና ካውያውን ኮምፒውተሩ ወዳለበት ክፍል አስገባሁ፤ የሚተኮሱትን ዲሽዳሻዎችም ሶፋው ላይ ከመርኳቸው። የቤቱ ወንዶች ዲሽዳሻ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ ነውና ትንሽ ጭምድድ ካለ ከሩቅ ይታያል። እየተኮስኩ በየመሃሉ ቀና ብዬ ስክሪኑን አያለሁ። አሥራ ሁለት በመቶ። አሥራ ዘጠኝ። አራተኛው ዲሽዳሻ ላይ ሃያ ስድስት ደረሰ።

እታለም የአቧራ ጨርቅ ይዛ ገባች። መደርደሪያውን ጠረገች፤ ቀጥላ ከኮምፒውተሩ ኋላ ጎንበስ አለች።

«እታለም፣ እሱን ተይው። አደራ ተብያለሁ።»

«አቧራ አደራ አያውቅም» አለችና ደግሞ አንዴ ጠረግ አድርጋ ወጣች። ሽቦዎቹን አየኋቸው። የተነቀለ የለም። ቁጥሩም ሠላሳ ሁለት ሆኗል።

ወዲያው ማማ ከታች ተጣራች፤ አንዱ ልጇ ልብሱን እየጠበቀ ነበር። የመጨረሻውን ዲሽዳሻ ጨረስኩ። ካውያውን ማማ በመጀመሪያው ቀን እንዳስተማረችኝ አጠፋሁ፤ ዲሽዳሻዎቹን በክንዴ ላይ ደርድሬ ወረድኩ። በየክፍሉ አድርሼ ስመለስ እታለም ከኮምፒውተሩ ክፍል ስትወጣ አገኘኋት። ጨርቅም መጥረጊያም አልያዘችም። ዓይኔን ሳታይ በአጠገቤ አልፋ ደረጃውን ወረደች።

ስክሪኑ ጥቁር ነበር።

መጀመሪያ የጨረሰ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ አርማው መጣ፤ ትንንሾቹ ነጥቦች ክብ ሠርተው ዞሩ፤ ጠፋ። እንደገና አርማው፣ እንደገና ነጥቦቹ፣ እንደገና ጥቁር። አምስት ጊዜ ያህል ቆሜ ቆጠርኩ። አብላ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትመጣለች።

ዳርሰይት የሚባል ሌላ ሰፈር አንድ የአገሬ ልጅ አለች፤ ቢሮ ነው የምታጸዳው፤ ኮምፒውተር ያለበት ቦታ ስለምትውል ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ቶሎ መለሰችልኝ።

«ማን ነው የገባው?» አለች አስቀድማ። ነገርኳት። «በቃ! ቅናት ነው እኮ። ሰው ሲማር ማየት የማይወድ ሰው አለ። አፍሽን ይዘሽ ተጠንቀቂያት። እኛም ቢሮ መብራት ጠፍቶ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ሥዕሉን እልክልሻለሁ።»

የነገረችኝ ይህን ነው፤ አርማው ሲመጣ የማብሪያ ቁልፉን ተጭኜ ይዤ ላጥፋው፣ ሦስት ጊዜ እንዲህ ላድርገው፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ራሱ መታመሙን አውቆ ሰማያዊ ገጽ ላይ ምርጫ ያመጣል። ወደ ውስጥ ስገባ ከምርጫዎቹ አንዱ የተቋረጠውን አፕዴት ብቻ ያነሳል፤ የተጻፈውን አይነካም። «ሌላ እንዳትጫኚ! አንደኛው ሁሉንም ወደ አሮጌ ቅጂ ይመልስና ከዚያ በኋላ የጻፋችሁት በሙሉ ይጠፋል።» የላከችልኝ ሥዕል በእንግሊዝኛ ነው። የሚጫነውን በቀይ አክብባዋለች፤ በቀኝ በኩል ነው።

ሦስቴ አጠፋሁ። ሰማያዊው ገጽ መጣ። ግን በዓረብኛ ነው።

እኔ ዓረብኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም፤ ማንበብ ግን አልችልም። ሥዕሉን ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁ። ትንንሾቹ ምልክቶች ይመሳሰላሉ፤ ቦታቸውን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። በቀኝ ያለው ነው ብዬ ማውሱን ወደዚያ ወሰድኩ። ጣቴ ተነስቶ ቀረ። የአብላ ተማሪዎች ውጤት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ዓረብኛ የሚያነብ ሰው በቤቱ ውስጥ ማን አለ? ማማን ብጠራ ኻላስ ነው። የቀረችው በልጅነቷ መድረሳ የተማረችው እታለም ናት። አበላሽታዋለች ብዬ የማስባትን ሰው እንድታድነው ልለምናት ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ሳልጠራት መጣች።

«ምን ሆነ?» አለች። አነጋገሯ ምንም እንደማያውቅ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረኝ።

«ከዚህ ስትወጪ አይቼሻለሁ» አልኳት።

«እኔም ብዙ ነገር አይቻለሁ» አለች ረጋ ብላ። «ታስነብቢኛለሽ ወይስ ልሂድ?»

አስነበብኳት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ ሳታስነካ በሩቁ እየመራች ፊደሎቹን ድምፅ እየሰጠች አነበበች፤ ልክ ልጅ እንደሚያነብ። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን አሳየችኝ።

«ይሄ ተሕዲሳት ይላል። አፕዴት የሚሉትን ነው፤ ማንሳት ነው የሚለው።»

«አይደለም፤ ሥዕሉ ላይ በቀኝ ነው ያለው።»

«ሥዕልሽ በእንግሊዝኛ ነዋ! ቁርኣን ከየት ነው የሚገለጠው?»

«ከቀኝ።»

«እና ስክሪኑስ? ዓረብኛ ሲሆን ሁሉም ይገለበጣል። ቀኙ ግራ ይሆናል፣ ግራው ቀኝ። ኮሌጅ ይሄን አያስተምርም?»

ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። እውነት የሚመስል ነገር ደግሞ ለማታለልም ይጠቅማል። ልታጠፋብኝ ከፈለገች አንድ ቃል ብቻ መዋሸት ይበቃታል፤ የምጫነውም እኔ ነኝ፣ የምባረረውም እኔ ነኝ። ስልኬ ፎቶ አንስቶ የሚተረጉም ነገር እንዳለው ያኔ ትዝ አለኝ። ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ያነበበችው ትክክል እንደሆነ ለማየት ስልኩን ከዓይኗ ዘወር አድርጌ ስክሪኑን ቀረጽኩት።

አየችኝ።

«እኔን ነው በስልክ የምታስመረምሪኝ?» አለች። «መርምሪ፣ መርምሪ። ስልክ አይዋሽም፤ ወሎዬ ነው የሚዋሽ።»

ስልኩ ቃል በቃል የእሷን ደገመው። በግራ ያለው አፕዴት ማንሻው ነው። በቀኝ ያለው፣ እኔ ልጫነው የነበረው፣ ወደ አሮጌው ቅጂ መመለሻው ነው። ስልኩን ኪሴ ውስጥ ስከት አቀርቅሬ ነበር። ግራውን ተጫንኩ።

ብዙ ቆየ። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን፤ እሷ ክንዷን አጣምራ፣ እኔ ጥፍሬን እየነከስኩ። አንዴ ጠፋ፤ ነጥቦቹ ዞሩ፤ ከዚያ የአብላ የተራራ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። እሷ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እኔ «ተመስገን» አልኩ። የውጤቱን ፋይል ከፍቼ አየሁ፤ የእኔንም አሳይመንት አየሁ። ሁሉም በቦታው ነበር።

አሁን መጠየቅ እችላለሁ አልኩ።

«እታለም፣ ለምን አጠፋሽው?»

በእግሯ ጣት ከሶፋው ጎን ያለውን ኤክስቴንሽን አሳየችኝ። የካውያው ሶኬት እንደተሰካ ነው። ከአጠገቡ የኮምፒውተሩ ሶኬት አለ፤ ኮምፒውተሩ የጠረጴዛ ነው፣ ባትሪ የለውም።

ማማ አንዴ ጎረቤቷ ቤት በካውያ ምክንያት እሳት ተነስቶ ስላየች በመጀመሪያው ቀን ያስተማረችኝ ይህን ነበር፤ ካውያ የሚጠፋው በራሱ ቁልፍ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ባለው ማጥፊያ ነው። ሌላው ማፊ፣ የለም። ኮሪደሩ ላይ ሁሌም እንደዚያ አደርጋለሁ፤ እዚያ ካውያው ብቻውን ነው። ያን ቀን ግን ኮምፒውተሩን ልጠብቅ ብዬ ካውያውን እሱ ክፍል አስገብቼ እሱ የተሰካበት ኤክስቴንሽን ላይ ሰክቼዋለሁ።

«ዲሽዳሻውን ታቅፈሽ፣ ጀርባሽን ለስክሪኑ ሰጥተሽ፣ ግድግዳውን በክርንሽ ቀጭ አድርገሽ ወጣሽ» አለች። «ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አየሁሽ። ገብቼ ካውያውን በራሱ ቁልፍ ዘግቼ፣ ግድግዳውንም ኮምፒውተሩንም መልሼ አበራሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ብነግርሽ እሷ ናት ያጠፋችው ትያለሽ ብዬ። አሁንስ ምን አልሽኝ?»

እኔ እሷን ስጠረጥር እሷ ደግሞ ጥፋቱን በእሷ ላይ እንዳላክክ ስትሰጋ ነው የዋለችው።

አብላ ስትመጣ ማማም ተከትላት ገባች። አብላ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ጨረሰ?» አለች። አዎ ብል ያልፍ ነበር። ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ አፕዴቱ እምቢ አለ ቢባል ማንም አያውቅም። ግን እታለም በሩ ላይ ሻይ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ከዋሸሁ ነገ ማማ አንድ ነገር ብትሰማ ውሸቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አልጨረሰም» አልኩ። «ተቋርጦ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ሳላውቅ።»

አብላ ተቀመጠች። ፋይሎቿን አንድ በአንድ ከፍታ አየች፤ ስትዘጋና ስትከፍት የሚሰማው የማውሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ዞር ብላ እኔን ሳይሆን እታለምን ተመለከተች።

«እሷ ናት አይደል? እየሸፈንሽላት ነው» አለችኝ።

«ጠዋት እዚህ ስትጠርግ አይቻታለሁ» አለች ማማ።

እውነቱን ተናግሬ የሚያምነኝ አጣሁ። ጠንቃቃ ነሽ ሲሉኝ ደስ እያለኝ ኖሬ፣ ያን ዕለት ጠንቃቃ መባሌ ሌላ ሰው ሊያስከስስብኝ ሆነ። ካውያውን አነሳሁ፤ ኤክስቴንሽኑን አሳየኋቸው፤ ማማ እንዳስተማረችኝ እንዴት እንደማጠፋው ላሳያቸው ክርኔን ወደ ግድግዳው ዘረጋሁ።

«ላ!» ብላ ጮኸች አብላ፣ ከወንበሯ ተነስታ። «አይ! አትንኪው!»

እታለም ሻዩን እንደያዘች ሳቋ አመለጣት። ማማ ግን ግድግዳውን፣ ከዚያ ካውያውን፣ ከዚያ እኔን አየች፤ የራሷ ትእዛዝ መሆኑ ገባት መሰለኝ፣ ዞራ ወጣች። ኻላስ አላለችም።

ፍርዱን የሰጠችው አብላ ናት። ሁለቱ ሰዓት ይቀጥላል፤ ግን ከእንግዲህ እሷ ቤት ስትሆን ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዓስር ሶላት በኋላ። ካውያ ወደዚያ ክፍል አይገባም። ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ ከእታለም ጋር ዕቃ አጥባለሁ። እታለም ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ደስታ ነበር። እሷ ጀርባዋን ማሳረፍ ፈልጋ ነበር፤ አገኘችም። መልሳ ስታበራው ኮምፒውተሩ እንደታመመ እያየች ዝም ማለቷን አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ጋር አያይዤ አስባለሁ፤ ከዚያ ደግሞ በግራ ያለውን ያሳየችኝን ጣቷን አስባለሁ። እስካሁን አልወሰንኩም።

በዚያው ቀን ከዓስር በኋላ አብላ አፕዴቱን ራሷ ጀመረችው፤ መቶ እስኪሞላ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ሲጨርስ ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

«ያላ፣ በይ ጻፊ» አለችኝ። እሷ ግን ከክፍሉ አልወጣችም፤ የተማሪዎቿን ደብተር ይዛ ከጎኔ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ታርም ጀመር። አሳይመንቱን በአራት ቀን ጨርሼ በሰዓቱ አስገባሁት። እየጻፍኩ ሳለ የእስክሪብቶዋ ድምፅ በቆመ ቁጥር እኔም እጆቼን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ እንድታያቸው ጭኔ ላይ አስቀምጣቸው ነበር።