ከክልከላው በላይ

ሆስፒታሉ ውስጥ አጎቴን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አትንኩ» ነው የሚሉት። ኮምፒውተር ክፍሉ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል እሱ ነው።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ወደ ኢንተርኔት የሚወጡት ፕሮክሲ በሚባል አንድ ማሽን በኩል ብቻ ነው። ማሽኑ በጥቂት የታወቁ ፖርቶች፣ ማለትም ቁጥር በተሰጣቸው በሮች፣ የሚያልፈውን ያሳልፋል፤ ሌላውን ይመልሳል። ከአጎቴ በፊት የነበረው ባለሙያ ጭቅጭቅ ሲበዛበት ሁሉንም ከፈተው። ቫይረስ ገባ፤ በአንድ ጠዋት የሆስፒታሉ ስክሪን ሁሉ ጠቆረ። አጎቴ ያኔ ረዳት ነበር። የትኛው መድኃኒት የማን እንደሆነ ጠፍቶ አስታማሚዎች ኮሪደር ላይ ሲጮኹ ሰምቷል።

እናቴ ደረጃ ላይ ወድቃ ጭንቅላቷን የተመታች ቀን ግን መንካት ግድ ሆነ። የጭንቅላቷ ምስል ከማንሻው ማሽን፣ በፕሮክሲው ሳያልፍ፣ በራሱ መስመር ሌላ ከተማ ወዳለ ሐኪም ተልኳል። መልሱ የሚነበበው በሐኪሙ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ድረ ገጹ ደግሞ በቅርቡ ወዳልተለመደ ፖርት ተዛውሯል።

ዋናዋ ነርስ ሳታንኳኳ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ ገጹ አይፈቀድም ይለኛል!»

«ደውዪለታ።»

«ቀዶ ጥገና ገብቷል፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደም ይፍሰሳት አይፍሰሳት ሳናውቅ ጭንቅላቷን እንዴት እንክፈት? እህትህ እኮ ናት!»

አጎቴ በሩ ላይ ቆሜ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። የፕሮክሲውን ፋይል ከፈተ። ሌላውን ላለመንካት እስከ መጨረሻው ወርዶ፣ ለሐኪሙ አድራሻና ለዚያ ፖርት ብቻ «ፍቀድ» የሚል መስመር ጻፈ። ነርሷ ሞከረች።

«አይፈቀድም።»

«ፈቀድኩ እኮ!»

«ያንተ መፍቀድ ከመከልከልህ በምን ይለያል?»

ከወዲያ ክፍል የእናቴ ድምፅ መጣ። እኔን በሞተች እናቷ ስም እየጠራችኝ ነበር።

አጎቴ ፋይሉን ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበና መሐል ላይ ቆመ። «ሌላውን ሁሉ ከልክል» ይላል። ማሽኑ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፤ ክልከላው ላይ ሲደርስ በቃው፣ ወደ ታች አይወርድም። ዕድሜውን ሙሉ ሰልፍ መጨረሻ የሚቆም ሰው፣ መስመሯንም ሰሚ የሌለበት መጨረሻ ላይ አቁሟታል።

«ከክልከላው በላይ መውጣት አለባት» አለ። እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ታዲያ አውጣታ!»

«ከዚህ መስመር በላይ ምንም አላስገባም ብዬ የሆስፒታሉ አለቃ ፊት ምያለሁ።»

«በምን?»

«እህቴ ትሙት ብዬ።»

ነርሷ ቀስ ብላ፣ «ካላወጣሃት ነው የምትሞተው» አለችው።

ዓይኑን ጨፍኖ መስመሯን ወደ ላይ አወጣት። ገጹ ተከፈተ። ደም እየፈሰሰ ነበር፤ እናቴን እየገፉ ሮጡ።

አጎቴ አልተከተላትም። በዚያች ቀዳዳ ምን እንደሚገባ ሳያውቅ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። እናቴ ከነነፍሷ ስትወጣ ልነግረው ስሄድ፣ አንድ እጁን በሌላው ጨብጦ አገኘሁት።

«በስምሽ ጠራችሽ?»

«ጠራችኝ፣ አጎቴ።»

መስመሯ ዛሬም አለች፤ ጠዋት ጠዋት ይፈትሻታል። አጠገቡ ሰው «እህቴ ትሙት» ሲል ከሰማ ግን ሥራውን ጥሎ ከክፍሉ ይወጣል።