ወንድሙን አምጪ

ጋሽ በንቲ መካኒሳ ውስጥ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ድሬሰር ነበሩ። ሳንቲም፣ ጠጠር ወይም የእስክሪብቶ ክዳን የዋጠ የሰፈር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ እሳቸው ነው። እሳቸውም ሁልጊዜ «ወንድሙን አምጪ» ይላሉ። ልጁ የዋጠውን የሚመስል ሌላ ዕቃ ማለታቸው ነው። ያንን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው ያያሉ፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ከዚያ ለራጅ ይልካሉ። ሳንቲም ሆኖ ሆድ ከደረሰ ይስቃሉ። «ልጅሽ ባንክ ከፍታለች፤ ፖፖዋን እያየሽ ጠብቂ።»

በ1991 ዓ.ም. ባለቤቴ ኢያቄም ዘምቶ ነበር። ትቶልኝ የሄደው የእጅ ሰዓት ቆመች። ሲመለስ ቆማ እንዳያገኛት ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባትሪዋን አወጣሁና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት፤ ተመሳሳይዋን ልገዛ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሸሚዞቹ ላይ ቁልፍ መትከል ያዝኩ።

ሁለት ዓመት የሆናት ልጄ ቲና በድንገት ትን አላት። ለሃጯ ተዝረበረበ። ቁልፎቹን ብቆጥር አንድ ጎደለ።

ጎረቤቴ ዓለሚቱ ጩኸቴን ሰምታ ሮጣ ገባች። «ሙዝ አጉርሻት እንጂ! ገፍቶ ያወርደዋል!»

አጎረስኳት። ተፋችው። ደግሜ አጎረስኳት።

ክሊኒክ ስደርስ ወንድሙን ይዤ ነበር፤ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ። ጋሽ በንቲ አገላበጡት። ቲናን አዩ። ምራቋን እንኳ መዋጥ አቅቷታል።

«ይሄ ወንድሙ አይደለም» አሉ።

«ቆጥሬያለሁ እኮ፣ ጋሽ በንቲ! አንድ ጎድሏል።»

«ይጉደል። ይቺ ቁልፍ እንዲህ አታደርጋትም። ዛሬ ሌላ ምን ነክተሻል?»

«ሰዓት… የኢያቄምን ሰዓት። ባትሪዋን መስኮቱ ላይ…»

ፊታቸው ተለወጠ። «ከአሁን በኋላ ምንም እንዳትቀምስ፣ ውሃም ቢሆን! ባትሪ ጉሮሮ ያቃጥላል።» ጋዋናቸውን እንደለበሱ ወጥተው አስፋልቱ መሃል ቆሙ።

«አባት፣ ሊገጩ ነው እንዴ? ሞልቷል!» አለ የሚኒባሱ ሾፌር።

«አንተ ግጨኝና ይቺን ልጅ አድርሳት!»

ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው ወረዱልን።

ሆስፒታል ውስጥ ራጁ ባትሪዋን ጉሮሮዋ ላይ ተለጥፋ አሳየን። አስተኝተው በቱቦ አወጡላት። ሐኪሙ «ትንሽ ቆስላለች፤ ግን ደርሳችኋል» እስኪል ድረስ ጋሽ በንቲ ኮሪደሩ ላይ አልተቀመጡም። የጠፋችውን ቁልፍ በማግስቱ አልጋው ሥር አገኘኋት።

በሳምንቱ አዲስ ባትሪ ገዝተው ቤቴ መጡ። ከተቷት፤ ሰዓቷ መሄድ ጀመረች። ከዚያ ከኪሳቸው የቁስል ፕላስተር አውጥተው ጀርባዋን ዙሪያውን አሸጉላት። «እንግዲህ ኢያቄም ሲመጣ ራሱ ይክፈታት» አሉ።

ኢያቄም አልመጣም። ጋሽ በንቲም ጡረታ ወጥተው ወደ አምቦ ሄዱ፤ ዘንድሮስ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ ስል ከረምኩና መሞታቸውን ሰማሁ። ሰዓቷ ከቆመች ብዙ ዘመን ሆናት። ቲና ዛሬ የራሷ ልጅ አላት፤ ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር ከመሳቢያው ታወጣትና «እማዬ፣ ባትሪ ላስገባላት?» ትለኛለች።

ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል። አንደኛው ጠርዙ ላይ ጋሽ በንቲ በአውራ ጣታቸው የተጫኑበት ምልክት እስካሁን አለ።

«ተያት» እላታለሁ። «የሚከፍታት ሌላ ሰው ነው።»