የትርፌ ብቅል

ሰቆጣ፣ ሲነጋጋ

ሐምሌ ገብቷል፤ ሌሊቱን ዘንቦ መናኸሪያው ጭቃ ነው። ወደ አበርገሌ የሚወርደው አይሱዙ ጨውና ሳሙና ጭኖ፣ እኛን ከላይ ደርቦ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ትርፌ ትባላለች። የታመመች እህቷን ስታስታምም ሰንብታ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው። ሰማዩን ደጋግማ ታያለች።

«ዝናብ ፈርተሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ የዘሩ ነገር ነው።»

በመጀመሪያው ካፊያ የዘሩት ማሽላ በቅሎ ነበር፤ ገና ሁለት ቅጠል እንዳወጣ ፀሐይ ፈጀው። አሁን የቀራቸው ከነጋዴ የገዙት አንድ ጆንያ ነው። መጋዘን የከረመ እህል ደግሞ መልኩ እያማረ ላይበቅል ይችላል። እሱ እምቢ ካለ ዘንድሮ የሚያጭዱት የላቸውም።

ቁልቁለቱ ላይ፣ ረፋድ

የገብሱ አገር ከኋላችን ቀረ። ቀይ ድንጋይ፣ ግራር፣ ሙቀት። ሹፌሩ ካሴቱን ዝቅ አድርጎ በመስኮቱ ወደ እኛ እየጮኸ «እስቲ ጸልዩ፣ ፍሬኑን ብዙም አላምነውም» ይለናል፤ እሱ ይስቃል፣ እኛ አንስቅም። ትርፌ ቆሎ አካፈለችኝ፤ ስንደርስም ቤቷ አረፍ እንድል ጋበዘችኝ።

ከቤቷ ስትወጣ ከጆንያው አንድ ጣሳ ቀንሳ፣ ነክራ፣ እንደ ጠላ ብቅል በቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ጭናበታለች።

«ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ሁሉ አይበቅልም» አለችኝ። «መጀመሪያ ሥር ነው የሚያወጣው። ሥሩን ካየሁ ይበቃኛል። ለባሌ አልነገርኩትም፤ አንቺ ሁሉን ትጠረጥሪያለሽ ይለኛል።»

ትርፌ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ

ባሏ ወልዱ በሬዎቹን ጠምዶ ቆሟል። መሬቱ ርሷል፤ በዚህ ፀሐይ ግን ብዙ አይቆይም። ትርፌ «ቆይ» ብላው ወደ ጓዳ ገባች፤ ተከተልኳት። ድንጋዩ አለ፣ ጥቅሉ የለም። አማቷ እመይ ሥላስ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«እመይ፣ እዚህ የነበረው ማሽላ የት ገባ?»

«ብቅሉን ነው? አሰጣሁት፣ ፈጨሁት። ለማኅበሩ ጠላ ያዘጋጀሽው መስሎኝ።»

ትርፌ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም ከልቤ አዘንኩ፤ እንደገና ልሞክር ብትል መሬቱ አይጠብቃትም። ወልዱ ጅራፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ሁላችንንም ያየናል።

«ዘሩ ደኅና መሆኑን ላይበት ነበር እኮ፣ እመይ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

አሮጊቷ ግራ ገባቸው።

«ምኑን ታይዋለሽ? ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ በእጄ በታትኜ ነው ያሰጣሁት። ሳይበቅል ብቅል እፈጫለሁ እንዴ?»

ትርፌ እንባዋን ጠረገች። ተነስታ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች፤ ወልዱ ሌላውን ያዘ።