ሌላው ይቆየኝ

አጎቴ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ የአንገታቸው አጥንት ነርቭ ተጫነና ቀኝ እጃቸው ይደነዝዝ ጀመር። አንገታቸው አልዞር ስላላቸው ሰላም ሲሉኝ አንድ ጉንጬን ብቻ ይስሙና «ሌላው ይቆየኝ» ይላሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ካይሮፕራክተር ጋ አመላልሳቸው ነበር፤ «ያንቺ ፈረንጅ ወጌሻ» ነው የሚሉት። ቀስ በቀስ አንገታቸው ላላላቸው። መሳሙ ግን ያው አንድ ጉንጭ ሆነ።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ አንገትዎ ይዞራል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ከጨረስኩት ምን ብዬ እመለሳለሁ?»

አሁን ለእሳቸው ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ግራ ቀኝ ስሞኝ ይሄዳል። እንደ እጃቸው ደንዝዣለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። ትናንት አንዲት ጎረቤት ቸኩላ አንዴ ብቻ ስማኝ ወጣች። ሌላውን ጉንጬን እንዳዞርኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።