ማሩን የቀመሰው ዳገት

ዛሬ ሰቆጣ ገበያ ላይ ነጭ ማር መስሎኝ አንድ ጣት ሙሉ ቅቤ ላስሁ። ሻጯ ሳቋን መግታት አልቻለችም፤ «አባባ፣ ጠጉሩ ቢያልቅ በሆድዎ በኩል ሊቀቡት ነው?» አለችኝ። ራሰ በራዬን እያሻሸሁ አብሬያት ሳቅሁ። ከአበርገሌ መምጣቷን ስትነግረኝ ግን አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

ሰቆጣ ተማሪ ሳለሁ አክስቴን ልጠይቅ አበርገሌ ወርጄ ነበር። ጎረቤቷ ንብ የሚያረቡ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ የጂኦግራፊ ሊቅ፣ «ይህ ሁሉ ማር እያለ የምትደኸዩት ስለምትሰንፉ ነው» አልኋቸው። አልተቆጡም። «እንግዲያ ሌላውን አህያዬ ትጭናለች፤ አንተ አንዷን ማሰሮ ተሸከምና አብረን ሰቆጣ እንውጣ» አሉኝ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሊቁ ተዘረረ። በእኔ የተነሳ ገበያ የደረስነው ነጋዴዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። እህል ሊሸምቱበት ያሰቡትን ማር ለቀረ አንድ ገዢ በግማሽ ዋጋ ሸጡት።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፤ «ዝናብ ሲቀር ንቧ አበባ የላትም፤ ዝናብ ሲመጣ እኛ መንገድ የለንም። የተረፈውን ማር ደግሞ ከገዢው በፊት ዳገቱ ይቀምሰዋል።»

ወዲያው የክፍል ጓደኞቼ መጡና «ማናቸው?» አሉኝ።

«እንጃ፤ መንገድ ጠይቀውኝ ነው» አልሁ።

ሽማግሌው ሰሙኝ። አንገታቸውን ደፍተው የአህያቸውን መጫኛ ማጥበቅ ያዙ።

ዳገቱ ላይ የመመለሻ ውኃቸውን ጠጥቼ ጨርሼባቸው፣ ሰቆጣ ስንደርስ እሞላልዎታለሁ ብያቸው ነበር። ባዶውን ቅል አጠገባቸው ትቼ ከጓደኞቼ ጋር ሄድሁ። አንድ ቅል ውኃ እስካሁን አለብኝ።