አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ከአለቃ ጋር

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ «ዙረታሟ» ነው የሚላት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ፖስተኛ ሆና በብስክሌት ከተማውን ስትዞር ሌላ ምን ይበሏት! መጀመሪያ ለስድብ ነበር ያወጡላት። እሷ እቴ፣ ጭራሽ «አቤት!» ብላ ዞር ትላለች። እኔን ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ከተማችንን በሦስት በኩል ውሃ ከቦታል። የእሷ መንገድ ከፖስታ ቤቱ ይነሳና ወደ ወደቡ ይወርዳል፣ አሳ አጥማጆቹን ያልፋል፣ ከዚያ የውሃውን ዳር ይዞ ዞሮ ዞሮ እዚያው ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ይገባል። አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። እኔ በእግሬም በመኪናም ጨርሼው አላውቅም።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ወደቡ መግቢያ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ጉልበቷ አብጦ ሦስት ሳምንት ቤት ዋለች። ሦስት ሳምንት! ቤቱን አመሰችው። ሥራ ፈትታ የስፌት መኪናዬን ዘይት ስትቀባ የሰው ቀሚስ አበላሸችብኝ። ድና ሥራ ስትገባ አዲሱ አለቃ ቢሮው ጠራት።

«እናታችን» አላት ምላሱን አለስልሶ፣ «ደክመዋል። ቴምብር መሸጫው መስኮት ጋ ወንበር አዘጋጅተንልዎታል። ከእንግዲህ ይረፉ።»

«ማን ደከመኝ አለህ?»

«ዕድሜ ነዋ፣ እናታችን።»

«እናታችን ካልከኝማ ልጄ ነህ፤ አንተ ብልህ አትቀየመኝም» አለችው። «ዙሪያውን በስንት ሰዓት ብጨርስ ነው ደከመች የማትለኝ?»

በአንድ ሰዓት ተኩል አላት። እሑድ ጠዋት ራሱ አብሯት ሊነዳ፣ ሰዓቱንም ራሱ ሊይዝ ተስማሙ። ካልቻለች ሰኞ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች።

ቤት መጥታ ስትነግረኝ እኔም አላረፍኩ። «እትዬ፣ ምን አስጨነቀሽ? ጥላ ስር ቁጭ ብለሽ ብትሠሪ ምን ትሆኛለሽ?» አልኳት።

እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «አንቺም?» አለች። «ባሌ ሲሞት ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ያ መንገድ ነው። ማታ ማታ 'ደህና ነኝ' የምልሽ ቀን ስዞር አልቅሼ ስለምመጣ ነው። መስኮት ስር ካስቀመጡኝ የት ሄጄ ላልቅስ?»

አብረን ስንኖር እንባዋን አንድም ቀን አላየሁም ነበር፤ ደንዳና ናት ብዬ ነበር የማስበው። ምን ዓይነት እህት ነኝ!

እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ተገናኘን፤ እሷ፣ እኔና ጓደኛዋ የፖስታ ቤቱ ዘበኛ። አለቃው ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ አዲስ ብስክሌት ይዞ መጣ። ሱሪው ከመጥበቁ የተነሳ እኔ ልብስ ሰፊዋ ለስፌቱ ሰጋሁለት። ዘበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ተነሱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እሷ ናት የነገረችኝ፤ አለቃውም አልካደም።

አሳ አጥማጆቹ መረብና መንጠቆ የሚያበጁበት ቦታ ሲደርሱ እህቴ ወርዳ ብስክሌቷን ተሸከመች። ፖስተኛ ሁሉ እዚያ ጋ ይወርዳል። የረገፈው መንጠቆ መንገዱን ስለሞላው ሃምሳ እርምጃ ተሸክመው ነው የሚያልፉት። አዲስ ገቢ ፖስተኛ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው። አለቃው ግን ከቢሮ ወጥቶ አያውቅም።

«ውረድ!» ብላ ጮኸችበት። «መንጠቆ አለ፣ ውረድ!»

«ደከመዎት እንዴ፣ እናታችን?» ብሎ እየሳቀ ጥሏት ነዳ።

ነግራዋለች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ብስክሌቷ ላይ ወጣች፣ ደረሰችበት፣ አለፈችው። ዞር ብላም አላየችው።

ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ ደጃፉ ላይ ከች አለች። እልል ልል አፌን ስከፍት፣ «ሰውየውስ?» አለች። ሰውየው የለም። ሰዓት ያዡ እሱ፣ የጠፋውም እሱ!

«እኔ እመሰክራለሁ» አለ ዘበኛው።

«ነገ 'ጓደኛዋና እህቷ ዋሹላት' ይላል። ራሱ ነው የሚያየኝ» አለችና ዘበኛውን ብስክሌት ማቆሚያው ውስጥ በሰንሰለት የታሰረውን ቀዩን የጎማ መንፊያ አስፈታችው። ማጣበቂያና ቁራጭ ጎማም ያዘች።

«እትዬ፣ ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ አማከረሽ?»

በመጣችበት ወደ ኋላ ብትመለስ ቶሎ ታገኘው ነበር። ማን ሊነግራት! እንደገና ወደ ወደቡ ወረደች።

አለቃው ጎማው በመንጠቆ ተበስቶ ቀስ በቀስ ስለተነፈሰ ብስክሌቱን መግፋት ከጀመረ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል። እሑድ በዚያ መንገድ መኪና ዝር አይልም። ስታጣኝ ትመለሳለች ብሎ ፊት ለፊቱን ሲያይ ደወል ከኋላው ጮኸ። ዞር ሲል እሷ ናት።

«የት ተደብቀው ነበር?» አላት። አያፍርም እኮ!

መንፊያውን አውጥታ እግሩ ስር አስቀመጠችው። የፖስታ ቤቱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከግቢ እንዳይወጣ ያሳሰረውም ራሱ አለቃው ነው። መንፊያውን አየ፣ የመጣችበትን መንገድ አየ፣ ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።

«ሁለተኛ ዙርዎ ነው?»

«ሰዓት ያዡ አንተ አይደለህ? አንተ ቁጠረው።»

ላቡን ጠረገ። «ነገ የደብዳቤ ቦርሳዎን ይዘው ወደ መንገድዎ ይውጡ» አለ።

«ቦርሳዬን መች ሰጠሁህና!» አለችና ጎማውን እንዲለጥፍ ትታው ሄደች።

ሁለተኛውን ዙር ጨርሳ ስትገባ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስትወርድ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ትከሻዬን ያዘች። ጉልበቷ እንደገና አብጧል።

«አመመሽ አይደል?» አልኳት።

ደህና ነኝ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«አዎ፣ አሞኛል» አለች፤ ፊቷንም አላዞረችብኝም። «ነገም ያመኛል። ነገም እወጣለሁ።»