የአው ዩስፍ የተቃጠለ ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ ድንጋይ የሚወለደው በጠብ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ያሳመኑኝም አው ዩስፍ ናቸው። «አው» በሐረሪዎች ዘንድ አባት ማለት ነው፤ ከሐረር ጀጎል ግንብ ውጭ የምንኖር ክርስቲያኖችም ሽማግሌውን በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። ከሐኪም ጋራ ግርጌ፣ ከቤታችን አጥር ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ የኖራ እቶን ነበራቸው። ከጋራው የፈለጡትን ነጭ ድንጋይ ሦስት ቀን ሙሉ ማገዶ እያነደዱ ያቃጥሉና ኖራውን ጊደር መጋላ ገበያ ወስደው ይሸጡታል። የጀጎል ሰው ለዒድም ለሰርግም ቤቱን የሚቀባው በእሱ ነበር።

ያኔ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ደብተሬን ወርውሬ ወደ እቶኑ እሮጣለሁ። የልጅ ልጃቸው ነስሩ ከግንቡ ውስጥ ይመጣል። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙ ጉንጫችንን እየለበለበን፣ የምሽቱ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ ተረት እንሰማለን። የአው ዩስፍ ተረት ግን ንጉሥም ጦጣም የለበትም። ድንጋይ ብቻ ነው፣ ደግሞ ደም ደም ይሸታል።

«ይኼ ጥቁሩ የእሳት ልጅ ነው» ይላሉ የእቶኑን ግድግዳ በብረት ዘንጋቸው እየመቱ። «ምድር ሆዷ ውስጥ ቀቅላ ቀቅላ ተፋችው። ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ ፈጀ፤ ዛፍ አላለ፣ አውሬ አላለ። ይኼ ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ሬሳ ነው። ተራራ ነበረ፤ ዝናብ ገደለው፣ ጎርፍ ጎተተው፣ አደቀቀው። ከላዩ ሌላ አሸዋ መጣ፣ በሱም ላይ ሌላ፤ ተጭነው ተጭነው መልሰው ድንጋይ አደረጉት።»

ነጩን ድንጋይ ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሆዱ ላይ የታተመውን የቀንድ አውጣ ቅርፊት በጣቴ ያስነኩኛል። «ይኼ መቃብር ነው ልጄ። እዚህ ባሕር ነበረ። ይኼ ጋራ የባሕር ፍጡር አጥንትና ቅርፊት ነው፤ ሱብሃነላህ! ይኼንኑ ምድር መልሳ ሆዷ ብትከተው፣ ብትጨቁነው፣ ብታግለው፣ ሳይቀልጥ መልኩ ይለወጣል። እብነ በረድ የምትሉት እሱ ነው። ድንጋይ ይገድሉታል እንጂ አይሞትም፤ ወላሂ። ሌላ ሆኖ ይነሳል።»

መጨረሻ ላይ ከእቶኑ የወጣ ድንጋይ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጡና ጥቂት ውሃ ያርከፈክፉበታል። ድንጋዩ ይጮኻል፣ ይሰነጠቃል፣ እሳት ሳይኖር እየፈላ በእንፋሎት ይሸፈናል። እኔና ነስሩ ወደ ኋላ እንሸሻለን። ብዙ ውሃ ሲጨምሩበት ቀስ በቀስ ይረጋጋል። «ትንሽ ውሃ ያሳብደዋል፣ ብዙ ውሃ ያስታግሰዋል፤ ይኼን እንዳትረሱ» ይሉናል። ያ ነጭ ሊጥ ግድግዳ ላይ ሲቀባ አየር እየጠጣ ተመልሶ ድንጋይ እንደሚሆንም ነገሩን። እኔ ያንን ሁሉ በቃሌ ይዤ ነበር፤ ቢያንስ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ስሜ ትግስት ነው። ከስምሽ ጋር ገና አልተዋወቃችሁም ብላ እናቴ ትስቅብኝ ነበር። የሰፈሬ ሴት ልጆች ገመድ ሲዘሉ እኔ ወንፊያው ውስጥ ነበርኩ፤ ወንፊያ የምንለው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር ባለው ሜዳ የሚደረገውን የድንጋይ ውርወራ ነው። ከግንቡ ውጭ ያለን በአንድ ወገን፣ የጀጎል ልጆች በሌላ ወገን እንሰለፋለን። ለምን እንደምንጣላ አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። ጭንቅላት ይፈነከታል፣ ጥርስ ይወልቃል፤ እኔ ራሴ ግንባሬ ላይ እስከ ዛሬ ያልጠፋ ጠባሳ አለኝ። ቀን ከነስሩ ጋር በድንጋይ እንፈላለጣለን፣ ማታ እቶኑ ዳር አንድ ቆሎ እንካፈላለን። ይህ ሁለታችንንም ምንም አይገርመንም ነበር።

እኔና ነስሩ አራተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ስለ ድንጋይ ዓይነቶች አስተማሩን። ማስተማር ካልነው ነው፤ ሰሌዳው ላይ «የእሳት አለት፣ የደለል አለት፣ ልውጥ አለት» ብለው ጻፉ፣ እኛ በኅብረት ጮኽን፣ የተሳሳተ በአለንጋ ተገረፈ። እኔ ግን በዚያ ቀን ደስታ ሊገድለኝ ነበር። ዋዜማውን ሳላስፈቅድ ከእቶኑ አንድ እንቁላል የምታህል የተቃጠለች ድንጋይ ወስጄ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ክፍሉ ፊት ወጥቼ ውሃ ላፈስባት ነበር።

መምህሩ የኖራ ድንጋይ ከምን እንደሚሠራ ሲጠይቁ ዘልዬ ተነሳሁ። «ከባሕር እንስሳት አጥንትና ቅርፊት ነው!»

«ሐረር ላይ ባሕር የት አየሽ?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አው ዩስፍ ናቸው የነገሩኝ። የነስሩ አያት። እሱን ይጠይቁት።»

መምህሩ አለንጋውን እንደያዙ ወደ ነስሩ ዞሩ። ነስሩ ተነሳ። አለንጋውን አየ፣ እኔን አየ። «አያቴ ኖራ ያቃጥላሉ እንጂ ስለ ድንጋይ አያውቁም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ በሁለት መዳፌ አምስት አምስት ተገረፍኩ። ድንጋይዋ ከቦርሳዬ አልወጣችም። ዛሬ መምህር ሆኜ ሳስበው ልጁ ምን ያህል እንደፈራ ይገባኛል፤ ያኔ ግን የታየኝ ክህደቱ ብቻ ነበር። መዳፌ ያቃጥለኛል፣ ከመዳፌ በላይ ግን ደሜ ይፈላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወንፊያ ሆነ። አቧራው ጨሰ፣ ድንጋይ ከግራም ከቀኝም ይወርዳል፣ አንዱ የሰፈራችን ልጅ አፍንጫው ደምቶ ሜዳው ላይ ተቀምጧል። ነስሩን ከግንቡ ሥር አየሁት። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር፤ የሚስቅ መሰለኝ። እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ። ያቺ ድንጋይ ከተቃጠለች ወዲህ ቀላል ሆናለች፣ ራስ አትሰብርም፣ ታሳምመዋለች እንጂ አትጎዳውም ብዬ ነበር። ላስቲኩን ገፍፌ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኳት።

ግራ ዓይኑን አገኘችው። እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረካከሰችበት።

ነስሩ በጉልበቱ ወደቀ። ሌላው ሁሉ ሸሸ፤ እኔ ወደ እሱ ሮጥኩ። ዓይኑ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። እናቶቻችን ዓይናችን ውስጥ ጉድፍ ሲገባ እንደሚያደርጉት የዩኒፎርሜን ጫፍ በምራቄ አረጠብኩና ጠረግሁለት። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጩኸት እስክሞት አልረሳውም። ትንሽ ውሃ ያሳብደዋል። ያንን ያስታወስኩት ከጠረግሁ በኋላ ነው።

አው ዩስፍ ጩኸቱን ሰምተው መጡ፤ እንዴት እንደመጡ እግዜር ይወቀው፤ ያ ሽማግሌ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁን አንጋለው ፍርፋሪውን በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ ለቀሙ፣ ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ በጀሪካን እያስቀዱ ሳያቋርጡ ዓይኑ ላይ አፈሰሱ። «ብዙ ውሃ! ጨምሩ! ያ አላህ፣ ጨምሩ!» በዚያው ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱት። ከመሄዳቸው በፊት ጣታቸው ላይ የቀረውን ነጭ ፍርፋሪ አዩት፣ ቀጥሎም ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

ዓይኑ አልተረፈም። እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ማን ወረወረው ሲባል ማንም አላየም። ነስሩም «አላየሁም» አለ። እኔ ከሁሉም ጋር አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰፈርተኛው በመጨረሻ ልጁ የአያቱን ኖራ ኪሱ ይዞ ሲጫወት ነው የተጎዳው ብሎ ወሰነ፣ ጥፋቱም አው ዩስፍ ላይ ወደቀ። «አዎ፣ ልጅ እሳት አጠገብ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ» አሉ። የነስሩ አባት አንድ ቀን ከሰዓት ትልቅ መዶሻ ይዞ መጣ። እያለቀሰ፣ እየተሳደበ፣ የእቶኑን አፍ እስኪናድ ድረስ ቀጠቀጠው። የገዛ አባቱ አንድ ክንድ ርቀው ቁጭ ብለው ያዩታል፣ ጥቁር ስብርባሪ እግራቸው ሥር ይረግፋል። እኔም አጥሩን ይዤ እያየሁ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር መዶሻው እንደሚቆም አውቅ ነበር። አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ እሳት አልነደደም። እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ቢገርፉኝ ብዬ። አው ዩስፍ በፈረሰው እቶን ፊት ኩራዝ አብርተው ያንኑ የድንጋይ ተረት ይነግሩኛል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ተረቱን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዘንበል ይሉና «አንቺስ ትግስት? የምትነግሪኝ የለም?» ይላሉ። እኔ የጦጣና የአነር ተረት እነግራቸዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያዳምጡኝና «መልካም ነው፤ ኢንሻ አላህ ነገ ደግሞ» ብለው ኩራዙን ያነሳሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጠዋት ከግንቡ ውስጥ የአው ዩስፍ ልቅሶ ተሰማ።

አሁን እዚያው ሐረር፣ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ፣ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የድንጋይ ዑደት ሲደርስ ድንጋይ አመጣለሁ፣ ልጆቹን አስዳስሳለሁ፣ አለንጋ ግን ክፍሌ ገብቶ አያውቅም። የተቃጠለ ድንጋይም እንደዚያው። ዘንድሮ ግን ሀናን የምትባል ተማሪዬ እጇን አውጥታ «መምህር፣ አባቴ ኖራ ይሠራል፤ ይምጣና ያሳየን» አለች። አባቷ ነስሩ ነው። ከልጅነታችን ወዲህ መንገድ ላይ ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ባልዲና ጀሪካን ይዞ መጣ። ልጆቹን ወደ ግድግዳው አራቅናቸው። ጥቂት ውሃ አርከፈከፈ፤ ድንጋዩ ጮኸ፣ ተሰነጠቀ፣ ፈላ። ልጆቹ በፍርሃትና በደስታ ተንጫጩ። እኔ ወንበር ይዤ ቆምኩ። ነስሩ ብዙ ውሃ ጨምሮ አስታገሰውና በአያቱ ቃል «ይገድሉታል እንጂ አይሞትም፤ ግድግዳ ላይ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል» አላቸው።

ሀናን እንደገና እጇን አወጣች። «አባ፣ ድንጋዩ ተመልሶ ድንጋይ ከሆነ ያንተ ዓይንስ?»

ነስሩ ዓይኑን ወደ ባልዲው መለሰ። ያኔ አጥሩን ይዤ የቆምኩባት ቀን ፊቴ መጥታ ቆመች፤ መዶሻውን ሰማሁት።

«የወረወርኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ በተማሪዎቼ ፊት። «በምራቄ የጠረግሁትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ነስሩ፣ ቀና ሳይል። «አንድ ዓይን እኮ ቀርቶኝ ነበር።»

እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀጠለ። «ያን ሳምንት ለአያቴ ነገርኳቸው። ‹ለማንም እንዳትናገር፤ ራሷ እስክትናገር እንጠብቃት› አሉኝ። በየማታው እየጠየቁሽ ነበር አይደል? ሲጠብቁሽ ሞቱ።»

ነስሩ ከመሄዱ በፊት የክፍሉን ግድግዳ አንድ ጥግ በኖራው ቀባው። አሁን ደርቋል፣ ጠንክሯል፤ በጥፍር አይጫርም። ልጆቹ እየነኩ «ድንጋይ ሆነ!» ይላሉ። ሀናን ለጥያቄዋ መልስ አላገኘችም ነበርና በማግሥቱ ጠርቼ ዓይን ድንጋይ እንዳልሆነ፣ አንዴ ከጠፋ እንደማይመለስ ነገርኳት። ከአው ዩስፍ ተረቶች አንድም አልረሳሁም። ይልቅስ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ እኔ የነገርኳቸው የጦጣ ተረት ነው፤ ኩራዙን አጠገባቸው አድርገው፣ ሌላ ነገር እየጠበቁ፣ እስከ መጨረሻው የሰሙኝ።